«የሰርቬይ ውጤት ለቲም አይቀርብም» ለሚለው ጽሑፍ መልስ

ሰሞኑን ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ፣ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። የስራ ባህል ሰርቬይ (ሰራተኛው ስሙን ሳይጽፍ ከ1 እስከ 5 ነጥብ እየሰጠ የሚሞላው መጠይቅ) ተሞልቶ ውጤቱ ሲመጣ ለቲም ቀርቦ ውይይት ሊደረግበት አይገባም ነው የሚለው። ለኔም ደጋግሞ ደርሶኛል፣ የላኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ እንደኔው የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የሚሰሩ ናቸው፣ ከስሩም «እውነቱን ነው»፣ «የልባችንን ተናገረልን» ምናምን የሚል ተጨምሮበታል። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊውም መስሪያ ቤት ኖሮ ያየውን እንደሚጽፍ ያስታውቃል፣ ስድብም የለበትም። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ደሞ ጉዳት የሌለው ስህተት አይደለም፣ ይሄን አንብቦ «እንግዲያው ሪፖርቱን ፋይል አድርጌው ልቀመጥ» የሚል አለቃ ብዙ ነው፣ ጥሩ ሽፋን ይሆነዋል። ለዛ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

መጀመሪያ የሱን ሀሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አምስት ነገር ነው የሚለው። ሰው ሰርቬዩን የሞላው ስም የለሽ ነው ተብሎ ስለሆነ ቲም ፊት ሲቀርብ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል፣ ይሄ ቃል ማፍረስ ነው። ቀጥሎ፣ ይሄ ነገር ስሙን ቀይሮ የመጣ ግምገማ ነው፣ ግምገማ ደሞ ምን እንዳደረገን እናውቃለን። ሦስተኛ፣ እኛ ሀገር ሰው አለቃው ፊት አይናገርም፣ ስለዚ ስብሰባው ወለል ወለሉን አይቶ መውጣት ነው የሚሆነው። አራተኛ፣ ሁሌም ዝቅ ብሎ የሚወጣው ደሞዝና እድገት ነው፣ እሱን ቲሙ መቀየር ስለማይችል ውይይቱ ተስፋ ሰጥቶ መልሶ ይነጥቃል። የመጨረሻው፣ ባህል የሚመጣው ከላይ ነው፣ ማኔጅመንቱ ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ውጤቱን አንብቦ ይወስን፣ ሰራተኛው ውሳኔውን ይስማ።

ከስም የለሽነቱ ልጀምር። እዚህ ላይ በብዙው እስማማለሁ። አራት ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ አማካይ ነጥብ ማሳየት ስም ጠርቶ እንደመናገር ነው። ከዛ የባሰው ደሞ መቆራረጡ ነው፣ በጾታ፣ በአገልግሎት ዘመን፣ በስራ መደብ እየተባለ ሲከፋፈል «ሴት፣ ከ5 ዓመት በላይ፣ ፋይናንስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች። ክፍት ጥያቄው ላይ የተጻፈው አስተያየትም እንዳለ ሊነበብ አይገባም፣ አብሮ የሚሰራ ሰው የጓደኛውን አጻጻፍ ያውቀዋል፣ «በመሆኑም» ሳይል አረፍተ ነገር የማይጀምረው ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ስለዚ ብዙ የሰርቬይ ሲስተሞች የሚያደርጉት ነገር፣ ማለትም ከ5 ሰው በታች የመለሰበትን ቡድን ለብቻው አለማሳየት፣ ትክክል ነው፣ እኔ ቁጥሩ ከፍ ቢልም አልጠላም። አስተያየቶቹም በሀሳብ በሀሳብ ተሰብስበው በሌላ ቃል ይቅረቡ።

ችግሩ ጸሐፊው ያቀረበው መፍትሄ ይሄን ፍርሃት አያጠፋውም። ውጤቱ ለቲም አይቅረብ ሲል ውጤቱ አይኖርም ማለቱ አይደለም፣ አለቃው ጋ ብቻ ይቅር ማለቱ ነው። ማን ምን እንዳለ መፈለግ የሚወድ አለቃ ደሞ ስብሰባ አያስፈልገውም፣ ቢሮውን ዘግቶ ሪፖርቱን ገጽ በገጽ እያገላበጠ «ይቺን የጻፋት እገሌ ነው» ማለት ይችላል፣ ማንም አያየውም፣ ማንም «ተው» አይለውም። ገምቶ ቢሳሳትስ? ምንም ያልጻፈ ሰው ቂም ተይዞበት ይቀመጣል፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው እድገት የሚቀርበት። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ገጽ በእጁ ሲይዝ ግን አለቃው የሚያየውን እኔም አያለሁ፣ የኔ መልስ ምን ያህል ተጋልጧል የሚለውን ራሴ መመዘን እችላለሁ። ስም የለሽነት የሚጠበቀው በምን ያህል ዝርዝር እንደሚቀርብ በመወሰን ነው፣ እሱ ደሞ ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ኤች አር፣ ማለትም የሰው ሀብት ክፍሉ፣ የሚሰራው ስራ ነው።

ሌላው፣ ውይይት ሲባል ማንም የሞላውን መናዘዝ አለበት ማለት አይደለም። «2 የሰጠ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስብሰባውን ገና በጠዋቱ ገድሎታል። «እንደኛ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው 2 ልስጥ የሚያሰኘው ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ያኔ 5 የሰጠውም ይመልሳል፣ 1 የሰጠውም ይመልሳል፣ ማን ምን እንደሰጠ የሚያስታውቅ ነገር የለም።

ግምገማ ነው ወደሚለው ልምጣ፣ ይሄ የጽሑፉ ልብ የሚነካው ክፍል ነው፣ ሼር ያስደረገውም ይሄ ይመስለኛል። ቁስሉ እውነት ነው። በመንግስት መስሪያ ቤት ያለፈ ሰው ሂስና ግለሂስ የሚባለውን ያውቀዋል፣ «ድክመትህን ተናገር» ተብሎ ቆሞ የቀረ ሰው፣ ትላንት ምሳ አብሮት የበላው ጓደኛው እጁን አውጥቶ ሲጨምርበት፣ አንዱ ደብተር ይዞ ሲጽፍ። በኋላ ደሞ 1 ለ 5 መጣ፣ ስለ ስራ ለመነጋገር ነው ተብሎ የተጀመረው ነገር ሰው ሰውን እየጠበቀ የሚያወራበት ሆነ። ከዛ የወጣ ትውልድ «ክብ ሰርተን እንወያይ» ሲባል ሆዱ ቢፈራ አልፈርድበትም፣ ይሄን ፍርሃት አቅልሎ የሚያይ ኤች አር ካለም ስራውን አያውቀውም።

ግን ግምገማን ግምገማ ያደረገው ተሰብስቦ መነጋገሩ አልነበረም። ጉዳዩ ሰው ነበር፣ እገሌ ታታሪ ነው፣ እገሌ አመለካከቱ ይቀረዋል እየተባለ። የሚመዘነው ከታች ያለው ነበር፣ የተጻፈውም ወረቀት ወደ ላይ ሄዶ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ዝውውር ወይ እድገት ላይ ተመልሶ ይመጣል። የሰርቬይ ውይይት ላይ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ቁጥር የክፍሉ ነው፣ የማንም ሰው አይደለም፣ ከሁሉ በላይ መልስ የሚጠበቅበትም አለቃው ነው። መለያውን ለማወቅ ቀላል ጥያቄ አለ፣ ስብሰባው ሲያልቅ የሰው ስም ያለበት ወረቀት ወደ ላይ ይሄዳል ወይ? ከሄደ ግምገማ ነው፣ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወመዋለሁ።

ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የአሰራር ማሻሻያ ዘዴ ደሞ ተመልከቱ። እሱም በመንግስት በኩል ነው የመጣው፣ እሱም ቡድን ይሰራል፣ እሱም ሰው ይሰበስባል። በጃይካ (የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት) ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በ30 ፋብሪካዎች ላይ ተሞክሮ ነው የካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው። ሁሉም ቦታ አልሰመረም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ሆኖ የቀረበት ቦታም አለ። በሰራበት ቦታ ግን ኦፕሬተሩ ተነስቶ «ይሄን ቁልፍ ፍለጋ ከማሽኑ ተነስቼ እስከ ስቶር እሄዳለሁ፣ ማሽኑ ያኔ ይቆማል» ይላል፣ ማንም ለምን ተናገርክ አይለውም ምክንያቱም የተጠየቀው ስለ ቁልፉ ነው፣ ስለ ጓደኛው አይደለም። ያው አንድ ሀገር፣ ያው አንድ ሰራተኛ ነው። የተለየው የተጠየቀው ጥያቄና የሚጻፈው ወረቀት መድረሻ ነው።

እኛ ሀገር ሰው አይናገርም የሚለው ላይ ግን በፍጹም አልስማማም፣ ይሄን አባባል መስማት ራሱ ሰልችቶኛል። እስቲ የሰፈራችሁን ዕድር አስቡት። ገንዘብ ያዡ ሂሳብ ሲያቀርብ ያው መስሪያ ቤት ውስጥ ለዓመታት አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቀው ሰውዬ ይነሳና «የድንኳንና የወንበር ኪራይ ገቢው የታለ? ባለፈው ወር ሁለት ሰርግ ላይ ተከራይቷል፣ እዚህ ላይ ግን አላየሁትም» ይላል። ሰብሳቢው በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብሎ ይጀምራል እንጂ አይተወውም። ደሞ መልስ ካላገኘ በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ያነሳዋል። ይሄ ሰው አፉ የሚፈታው ዕድር ሲሆን የሚዘጋው ቢሮ ሲሆን ነው፣ ታዲያ ባህሉ ነው ልንል ነው? ዕድሩ ላይ መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ ብሩ የራሱ ነው፣ በመናገሩ ማንም አያባርረውም፣ የጠየቀውም ነገር ተመዝግቦ መልስ ይመጣበታል። ቢሮ ውስጥ ከነዚህ አንዱም የለም። ዝም የሚለው ሰው አስልቶ ነው ዝም የሚለው፣ ሂሳቡም ትክክል ነው፣ መቀየር ያለበት ሂሳቡ ውስጥ የገባው ዋጋ ነው።

ደሞ ዝምታ የኛ ብቻ አይደለም። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሀርቫርድ ተመራማሪ በ1990ዎቹ አሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ጥሩ የሚባሉት ቲሞች ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው፣ የተገኘው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፣ ጥሩ የሚመሩት ቲሞች ላይ የተመዘገበው ስህተት በለጠ። በኋላ ስታጣራ ነገሩ ሌላ ነው፣ እነዛ ቲሞች ውስጥ ነርሶቹ ስህተቱን በግልጽ ያወሩታል፣ ሌሎቹ ጋ ይደብቁታል። ተናጋሪ ናቸው በሚባሉት አሜሪካኖች መሀል፣ እዛው አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከዋርድ ዋርድ ነው ዝምታው የሚለያየው። እንደዚህ ከሆነ ነገሩን ሀገር ላይ መለጠፍ አያስኬድም።

የማምነው ነገር አለ፣ የመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። አለቃው ራሱ መድረኩን ከያዘና ራሱ ተናግሮ ከጀመረ ደሞ ባይደረግ ይሻላል። ሌላ ክፍል የሚሰራ፣ ሰው የሚያምነው አንድ ሰው ይምራው። መጀመሪያ ሁሉም በወረቀት ይጻፍ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያውሩ፣ ከዛ በኋላ ነው ለሁሉም የሚወጣው፣ አለቃው መጨረሻ ይናገር። አለቃው በሚፈራበት ቦታ ደሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ውጪ ቢጠብቅ ምንም አይጎድለውም፣ ሲመለስ የተጻፈውን ያገኘዋል። እነዚህ ከባድ ነገሮች አይደሉም፣ ገንዘብም አይጠይቁም።

የደሞዙን ነጥብ ባጭሩ ልለፈው ምክንያቱም አብዛኛው ትክክል ነው። አንድ ክፍል ተሰብስቦ የደሞዝ ስኬል አይቀይርም፣ ሰውም በዚ ኑሮ ደሞዝ አነሰኝ ቢል ሊገርመን አይገባም። ግን ተስፋ የሰጠው ውይይቱ ነው ወይስ ሰርቬዩ? ሰው ከአርባ በላይ ጥያቄ ቁጭ ብሎ ሲሞላ ነው የሆነ ነገር ይቀየር ይሆናል ያለው። ከዛ በኋላ ወራት አልፎ ምንም ካልሰማ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወይ አይሞላም ወይ ሁሉንም 4 ሰጥቶ ይወጣል። «ደሞዝ በዚህ በጀት ዓመት አይነካም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ የሚወስነው ቦርዱ ነው» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር አለቃ ሰውን አያስቀይምም፣ የሚያስቀይመው ማድበስበሱ ነው። ደሞ ደሞዝ ተብሎ የሚመጣው ሁሉ ደሞዝ አይደለም። ሲነጋገሩበት «ደሞዜ አነሰ» ያለው ሰው ያመሸበት ሰዓት ሳይከፈለው የቀረ ሆኖ ይገኛል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4 ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፣ ክፍያውም ከመደበኛው ሰዓት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ይሄ የቦርድ ጥያቄ አይደለም፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ማን ፈርሞ ማን አልፈረመም የሚል ጥያቄ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ የሚፈታ።

ዋናው የምለያይበት ግን የመጨረሻው ነው፣ ማኔጅመንቱ ከባለሙያ ጋር አንብቦ ይወስን የሚለው። ይሄ ሀሳብ ቁጥሩ ራሱን ያብራራል ከሚል እምነት ነው የሚነሳው። አያብራራም። ቁጥር የት ጋ እንደሚያም ይጠቁማል እንጂ ለምን እንደሚያም አይናገርም፣ ለምኑን የሚያውቁት ደሞ የሞሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ወደ ኤች አር ከመግባቴ በፊት የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ እሰራ ነበር፣ የባንኩን ስም መጥራት አያስፈልግም። አንድ ዓመት የሰርቬዩ ውጤት ሲመጣ «ስራዬንና የግል ህይወቴን አመጣጥኜ መሄድ እችላለሁ» የሚለው ላይ ቅርንጫፋችን በጣም ዝቅ ያለ ነጥብ አመጣ። ዲስትሪክት ላይ፣ ማለትም ከቅርንጫፎቹ በላይ ያለው ቢሮ ውስጥ፣ ያዩት ሰዎች ትርጉሙ ወዲያው ግልጽ ሆነላቸው፣ ስራ በዝቷል፣ ሰው አንሷል፣ ተጨማሪ ቴለር ይመደብ። ማንም እንደዛ ነው የሚያነበው፣ ባለሙያ ቢጠራም ከዛ የተለየ የሚል አይመስለኝም። ማናጀራችን ግን ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ደምበኛ ከወጣ በኋላ አቆየን። ያቺን አንድ ጥያቄ ብቻ በኤ ፎር ወረቀት አትሞ ቴለር መስኮቱ ላይ ለጥፏታል። ማን ምን እንደሞላ አልጠይቅም፣ እዚህ ቤት ሰው በሰዓቱ ቤቱ እንዳይገባ የሚያደርገው ምንድነው፣ ጻፉና እዚህ ውስጥ ጨምሩ ብሎ ባዶ የወረቀት ካርቶን አስቀመጠ።

ወረቀቱን ያነበበችው አንዷ የደምበኞች አገልግሎት ልጅ ነበረች። ግማሽ የሚሆነው ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፣ የካዝናው ቁልፍ። ካዝናው የሚዘጋው በሁለት ቁልፍ ነው፣ አንዱ ዋና ገንዘብ ያዧ ጋ ነው፣ አንዱ ማናጀሩ ጋ። ማናጀሩ ደሞ ከሰዓት በኋላ ተቀማጭ ለማሰባሰብ ይወጣል፣ ታርጌት አለበት፣ መርካቶ ነጋዴ ጋ ሄዶ ቁጭ ማለት አለበት። ቴለሮቹ ብራቸውን ቆጥረው፣ ባላንስ አድርገው፣ አስረው ይጨርሳሉ፣ ከዛ ግን መሄድ አይችሉም ምክንያቱም ብሩ ካዝና አልገባም። 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ 12 ይሆናል። ማናጀሩ ይደወልለታል፣ ትራፊክ ይዞት ነው፣ «ደርሻለሁ» ይላል። ሲገባም ብሩ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ገና እየቆጠሩ ነበር የሚመስለው፣ ስለዚህ እሱም በልቡ ሰው አንሶን ነው ይል ነበር። የነገረው ሰው የለም፣ «አንተ ስለምትጠፋ ነው» እንደማለት ስለሚሆንብን። ቀይ ሆነ ፊቱ፣ ግን ወረቀቶቹን ሰብስቦ ኪሱ አልከተተም፣ እዛው እያየነው ለዲስትሪክት ደወለ።

ከዛ የሆነው ቀላል ነው፣ በሚወጣባቸው ቀናት የሱ ቁልፍ በርክክብ ሰነድ ለምክትሉ እንዲሰጥ ተፈቀደ፣ አለቀ። ተጨማሪ ቴለር ቢላክ ኖሮ አብሮን ተቀምጦ ቁልፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር የሚጨመረው። ይሄን ማኔጅመንቱ ከየት ያመጣዋል? ከዲስትሪክት ሆኖ ያቺን ነጥብ ምን ያህል ቢያፈጥባት ቁልፉ አይታየውም። ልብ በሉ፣ ማናጀሩ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ሰርቬዩም በደንብ የተሰራ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እዚህ ግን በሽታው ተነግሯል፣ የት እንዳለ የሚያሳይ ሰው ነበር የጎደለው።

ይሄ የኔ ገጠመኝ ብቻ እንዳይመስል፣ ጉዳዩ ከተጠና ቆይቷል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ዛሬ ሁላችን የምንሞላውን ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» ያለውን መለኪያ ያመጣው ሬንሲስ ሊከርት የነበረበት ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ዲትሮይት ኤዲሰን የሚባል የመብራት ኩባንያ ውስጥ ትልቅ የሰራተኛ ሰርቬይ አካሄዱ። ፍሎይድ ማን የሚባለው ተመራማሪ በሂሳብ ክፍሎቹ ላይ ቀጠለበት፣ አንዳንዶቹ ክፍሎች ውስጥ አለቃው ከራሱ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ የክፍሉን ውጤት እንዲወያይ ተደረገ፣ ሌሎቹ ውስጥ ይሄ አልተደረገም። እንደገና ሲለካ ለውጡ የበለጠው የተወያዩት ጋ ነው። ከዛ ዴቪድ ባወርስ እ.ኤ.አ. በ1973 በ23 ድርጅቶች ላይ የተለያዩ የለውጥ ዘዴዎችን ሲያወዳድር ከሁሉም የተሻለ ለውጥ ጋር ተያይዞ የተገኘው የሰርቬይን ውጤት ከቲሙ ጋር እየተወያዩ መስራት ነበር፣ ሪፖርቱን አስረክቦ ብቻ መሄድ የዛን ያህል አልሰራም። የድሮ ጥናት ነው፣ የውጪ ነው ሊባል ይችላል፣ ይሁን። ግን ጸሐፊው ለተቃራኒው ሀሳብ አንድም ማስረጃ አላቀረበም፣ ፍርሃት ነው ያቀረበው። ፍርሃቱ የተጨበጠ ነው፣ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ባህል ከላይ ይመጣል የሚለውም ከፊሉ እውነት ነው። ዋናው ኃላፊ ስህተት የነገረውን ሰው ካባረረ ታች ያለው ሁሉ አፉን ይዘጋል፣ ይሄን ምንም የቲም ውይይት አይሽረውም። ግን አንድ ድርጅት፣ አንድ ሲኢኦ፣ አንድ ደንብ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ለምን ሰማይና ምድር የሆነ ውጤት ያመጣሉ? ጋለፕ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በቲሞች መሀል ካለው የተነሳሽነት ልዩነት ቢያንስ 70 በመቶው ከቅርብ አለቃው ጋር የሚያያዝ ነው ይላል። ሰው የሚኖረው ባህል የቅርቡ ነው፣ ፈቃድ ስጠይቅ ፊቱ የሚጠቁረው ማነው፣ ስሳሳት ደምበኛ ፊት ነው የምቆጣው ወይስ ለብቻዬ ተጠርቼ ነው፣ አዲስ ገቢ ልጅ ስራ የሚያሳየው አለ ወይ። ይሄ ዋና መስሪያ ቤት አይደርስም። በሰርኩላርም አይስተካከልም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ሳልጨቃጨቅ እሰጠዋለሁ። ሰርቬዩ ላይ የወጣው ነገር ትንኮሳ ወይም ሌብነት ወይም የበቀል እርምጃ ከሆነ ለቲም አይቀርብም። እሱ ውይይት አይፈልግም፣ ምርመራ ነው የሚፈልገው፣ ተጎጂዋን ሰው ፊት ማስቀመጥ ሌላ ጥቃት ነው። አለቃው ከዚህ በፊት ተናጋሪ ሰው ላይ እርምጃ የወሰደ ከሆነም መጀመሪያ ከሱ በላይ ያለው ኃላፊ ራሱን አለቃውን ያናግር፣ ሰራተኛውን እሳት ውስጥ መክተት የለብንም። እነዚህ ግን ልዩ ሁኔታዎች ናቸው፣ ጸሐፊው ከነሱ ተነስቶ ለሁሉም ክፍል ደንብ ማውጣቱ ነው ያላስማማኝ።

ሪፖርቱ አሁን ኢሜይላቸው ውስጥ ያለ የክፍል ኃላፊዎች ካላችሁ ደሞ እንዲህ አድርጉ። ሁሉንም ጥያቄ ይዛችሁ አትግቡ፣ ሁለት ምረጡ፣ አንዱ ጥሩ የወጣ ይሁን፣ እሱን ምን እንደጠበቀው መጠየቅም ይጠቅማል። ከሳምንት በፊት ቁጥሩን ለሁሉም ላኩ፣ ሰው አስቦበት ይምጣ። ስብሰባው ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰው ስም አይግባ፣ የሚገባው ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገውና መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው። የማትችሉትን እዛው አልችልም በሉ። ከወር በኋላ በመደበኛው ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ እሱ ይሁን፣ ካልተሰራም አልተሰራም ተብሎ ይነገር፣ ለምን እንዳልተሰራ የምትናገሩት ደሞ እናንተ ናችሁ።